የዋንዛው ግንድ እንጉዳይ

ትእዛዙ አጭር ነበር፤ «በሩን ያዙ፤ ሕዝቡ ቆላ ወርዶ ወንዙን እስኪሻገር አትልቀቁ።» በር የምንለው ከደብረ ማርቆስ በስተምሥራቅ፣ በሁለት ገደል መካከል ያለ ጠባብ መተላለፊያ ነው። ከኋላችን ጣሊያን ቤታቸውን ያቃጠለባቸው ገበሬዎች ሚስት፣ ልጅና ከብት ይዘው በዝናብና በጭቃ ይጓዛሉ። ከፊታችን ጠላት ከነባንዳው ሰፍሯል። እኛ ሃያ ያህል ነበርን። ጊዜው ነሐሴ ነው፤ ያውም ፍልሰታ።

ጥይት ለጊዜው አልቸገረንም። የቸገረን ሆድ ነው። ስንቃችን በሶ ነበር፤ ዝናብ ገብቶበት ሻገተና ጣልነው። ከጠላት የማረክነው አንድ ሣጥን የቆርቆሮ ሥጋ አጠገባችን ተቀምጧል፤ የሚነካው የለም። ቄስ አበጀ መስቀላቸውን ይዘው ከእኛ ጋር ይዞሩ ነበርና፣ «ጦር ላይ ናችሁ፤ ብሉ፣ ኃጢአቱ በእኔ ይሁን» አሉን። አንድም እጁን የሰደደ አልነበረም። ዛሬ የሚሰማኝ ወጣት ሞኝነት ይለው ይሆናል። እኛ ግን ቤታችንን ያቃጠለ ሰው ጾማችንንም እንዲያስፈታን አልፈለግንም።

ባንዶቹ ረሃባችንን ያውቃሉ። ከታች ሆነው ይጣራሉ።

«ሰንጋ ጥለናል! ውረዱና ብሉ!»

ደረሰ የሚባል ጓደኛችን ከድንጋዩ ጀርባ መለሰላቸው። «በፍልሰታ ሰንጋ የጣለ አገሩን ቢጥል ምን ይገርማል!»

እኛ በባዶ ሆዳችን ሳቅን።

ደረሰ የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ እንጨት ሊያመጣ ጫካ ገብቶ ጋቢውን እንደ ሕፃን አቅፎ ተመለሰ። ሲፈታው እንጉዳይ ነው። ወድቆ ከበሰበሰ የዋንዛ ግንድ ላይ የለቀመው። ነጣ ያለ፣ እንደ ጆሮ ሰፋ ሰፋ ብሎ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ፣ ሲነኩት የሚለሰልስ ነበር።

አለቃችን ባላምባራስ ተሰማ አየት አደረጉና «የጅብ ጥላ ነው፤ ጣለው» አሉ።

«የጅብ ጥላ ከመሬት ነው የሚበቅል፣ ጌታዬ። ይኸ ከእንጨት ነው።»

«ከእንጨት የበቀለ አይገድልም ያለህ ማነው?»

«ማንም አላለኝ።»

ባላምባራስ ወደ ቄሱ ዞሩ። ቄስ አበጀም ገልበጥ አድርገው አዩትና «ደም የለውም፤ ጾም አያስፈታም። መርዝ መሆን አለመሆኑን ግን እግዚአብሔር ይወቅ» አሉ።

ጭንቅ ነበር። በልተን መርዝ ቢሆን በሩ ያለ ጠባቂ ይቀራል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ሜዳ ላይ ያልቃል። ካልበላን ደግሞ ጠመንጃ ማንሣት አቅቶን ነበር። ባላምባራስ «ዕጣ ይጣልና አንድ ሰው ይቅመስ» ሲሉ ደረሰ ተቆጣ።

«ዕጣ ምን ያደርጋል? ይኸ ጫካ የአባቴ ርስት ዳርቻ ነው። እናንተ እንግዶቼ ናችሁ። ባለቤት ሳይቀምስ ለእንግዳ ይቀርባል እንዴ?»

በአገራችን ጠላ የምትቀዳ ሴት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ሳትቀምስ ለማንም እንደማትሰጥ ታውቃላችሁ። ሥርዓት ነውና ባላምባራስም ዕጣውን ተዉት።

ጉሙ ጭሱን ስለሚሸፍንልን እሳት አነደድን። ደረሰ ፍም ላይ ጠበሰው፤ የአሞሌ ፍርፋሪ ነሰነሰበት፤ በላ። ከዚያ ከጥበቃ የተረፍነው ሁሉ ተቀምጠን ፊቱን ስናይ ዋልን። እኔ ፈርቼ ነበር፤ እንደ ወንድሜ ነበር የምወደው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሆዱን ይዞ ተንፈራገጠና ወደቀ። ቄስ አበጀ መስቀላቸውን ይዘው ሮጡ።

«ምንህን ነው፣ ልጄ?»

«ረሃቡ ነው፣ አባቴ። አነሰኝ!» ብሎ ዓይኑን ገለጠ።

ባላምባራስ አለንጋቸውን አነሡ፤ ሳቃቸው ግን ቀደማቸው።

ይህን ስነግራችሁ ጫካ ገብታችሁ ያያችሁትን ሁሉ እንድትቀምሱ አይደለም። ውሎ አድሮ የሚገድል እንጉዳይ እንዳለ በኋላ ሰምቻለሁ። እኛን የጠበቀን እግዚአብሔር ነው።

በማግስቱ ግንዱን ሙልጭ አድርገን ለቀምነው። ጠብሰን በበርበሬ በላን። አንዱ «ሥጋ ሥጋ ይላል» ቢል ቄሱ «ዝም ብለህ ብላ!» ብለው ገሠጹት። ጉልበታችን ተመለሰ። ደረሰ አንዱን «ጨርስ»፣ አንዱን «ጨምር» እያለ እንደ ሠርግ ቤት አሳላፊ ሲዞር ዋለ።

ጦርነቱ የመጣው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ቀን ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጉሙ ተገፈፈ። መትረየሱ ጀመረ። ባንዶቹ በግራ ወጡ፤ ነጮቹ በመካከል። «ይቅረቡ!» አሉ ባላምባራስ። ጠበቅን። ፊታቸው ተለየ። ተኮስን። ወደቁ፤ ሌሎች መጡ። ቀትር ላይ ጥይታችን ሲመነምን ጎራዴ መዘን ወረድንባቸው። በረሃብ የደከመ ሰው ነበር የሚጠብቁት። መትረየሱን ጥለው ሸሹ። ስምንት ሰዓት ላይ መልእክተኛ መጣ፤ ሕዝቡ ወንዙን ተሻግሯል። በሩ አልተደፈረም።

ሙታናችንን ቆጠርን። አምስት ነበሩ። ደረሰ ከመትረየሱ አፍ ሥር ወድቆ አገኘነው። ቄስ አበጀ ፈቷቸው፤ እዚያው ቀበርናቸው። ጥሩ ሰዎች ነበሩ። ያን ቀን ማሸነፋችንን ዛሬም በኩራት እናገራለሁ፤ የከፈልነውንም አልረሳም።

ቆላ ስንወርድ የጓደኛችንን የደረሰን እናት ከተሰደደው ሕዝብ መካከል አገኘናቸው። መርዶውን የነገርኋቸው እኔ ነኝ። የት እንደተመታ አልጠየቁኝም። ክንዴን ያዙና ትክ ብለው አዩኝ።

«ሳይበላ ነው የሞተብኝ?»

«በልቶ ነው፣ እናቴ። እኛንም አብልቶን ነው።»

«አብልቷችሁ?»

«አዎ፣ እናቴ። ጠግበን ነው የተዋጋነው።»

ክንዴን ለቀቁ። ማልቀስ የጀመሩት ያን ጊዜ ነው።