ጣውላው ያልነገረው

ሰፈሩ «ውሃ ልክ» ይለዋል። አናጢ ነው። ጣውላ ሲመርጥ አንዱን ጫፍ ወደ ጉንጩ አስጠግቶ፣ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በቀኙ ጠርዙን ይከተላል። «ጎብጧል» ካለ ጎብጧል፤ ይግባኝ የለውም።

ከስድስት ወር በፊት አንዲት የዓይን ሐኪም «ግላኮማ አለብዎት» ብላ ያዘዘችለትን የዓይን ጠብታ ሦስት ሳምንት አድርጎ ተወው። ያቃጥላል፤ ለውጥም አላየበትም። ያላመመው ሰው ከምን ይሻለዋል? ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ጣውላ አንስቶ ዓይኑን በራሱ ይፈትናል። ጠርዙ እንደ ተወጠረ ክር ይታየዋል። «ይኸው!» ይላል፤ ልቡ ግን አያርፍም። ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ ሌላ ጣውላ ያነሳል።

አንድ ቀን ሚስቱ ምሳውን ይዛ በጎኑ ቆማ ሳለ ዞር ሲል ሳህኑን በክርኑ መትቶ ደፋው።

«አንተ ሰውዬ! ሰው እኮ ነው የቆመው!»

«መቼ መጣሽ?»

ሚስቱ የፈሰሰውን ሳይሆን አጠገቡ የሚዞረውን የኤሌክትሪክ መጋዝ አየች። «ጠብታውን ትተኸዋል አይደል?»

«ጣውላው ይታየኛል እኮ።»

«ያገባኸው ጣውላ ነው እንዴ?»

በማግስቱ እየጎተተች ሐኪሟ ዘንድ አቀረበችው።

«የሚታይዎት መሀሉ ነው» አለች ሐኪሟ። «ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ከዳር ጀምሮ ነው የሚበላው። አያምም። አንዱ ዓይን የጎደለውን ሌላው ይሸፍንለታል። ጣውላው የፈተነልዎት መጨረሻ ላይ የሚሄደውን ነው።»

ሰው ያጣውን የሚያውቀው ባዶ ቦታውን አይቶ ነው፤ ይህ ሌባ ግን ባዶ ቦታውንም ይዞ ይሄዳል።

«የሄደው ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

«እታወራለሁ?»

«ጠብታውን በየቀኑ ካደረጉና ክትትል ካላቋረጡ የቀረውን ለማቆየት ጥሩ ዕድል አለን። ከተዉት ግን…»

«ጨርሺለት እንጂ፣ ዶክተር!» አለች ሚስት።

«ከተዉት መሀሉም ይሄዳል። ወንድም፣ እህት፣ ልጆችም ካሉዎት እነሱም ይመርመሩ፤ በዘር ይሄዳል።»

ከሰዓት በኋላ መጋዙን አጥፍቶ የሥራ ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ተንጋለለ። ሚስቱ በሁለቱም ዓይኖቹ አንድ አንድ ጠብታ ጣል አደረገችለት።

«ጨፍን። ሁለት ደቂቃ ብላለች።»

እግሮቹ አላርፍ አሉ። «አለቀ?»

«ገና ነው።»

«አሁንስ?»

«ኧረ አርፈህ ተኛ! ሬሳ ይሻላል ካንተ።»

«ሬሳ ምን አለበት፣ ጠብታ አያቃጥለው!»

ሊነሳ ሲቃጣው መዳፏን ደረቱ ላይ ጫን አድርጋ ሰከንዶቹን መቁጠሯን ቀጠለች።