ከቁልፎቹ ሥር ያለው ከረሜላ

እጆቿ የቀሚስ ጠርዝ እያጠፉ ይሰፋሉ፤ መርፌው ግን ዛሬ አልታዘዝ ብሏታል። ልብስ ሰፊዋ ግንባሯን በክንዷ ጠረገች። ላቡ ቀዝቃዛ ነው። ጠዋት ኢንሱሊኗን ተወግታ፣ ሥራ ስለበዛባት ምሳዋን ሳትቀምስ ቀርታለች።

አጠገቧ የሸሚዝ ቁልፎች የምታስቀምጥበት ጣሳ አለ። ከቁልፎቹ ሥር ከረሜላ ደብቃለች፤ ስኳሯ እንዲህ ሲወርድ ነፍሷ የሚመለሰው በእሱ ነው። ግን ቀሚሱን የሚጠብቁት ጎረቤቷ ፊት ለፊቷ ተቀምጠዋል። ባለፈው ከረሜላ ስትበላ አይተው፣ "ጉድ እኮ ነው! ስኳር አለብኝ እያልሽ? ራስሽን ልትገዪ ነው እንዴ?" ሲሏት ደንበኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ከዚያ ወዲህ እንደ ሌባ ተደብቃ ነው የምትበላው።

"ልጄ፣ ምነው ፊትሽ አመድ መሰለ?"

"አምፖሉ ነው እትዬ። እርስዎንም እኮ አመድ አስመስሎዎታል።"

"ወሬኛ!" ብለው ሳቁ።

እሷም ልትስቅ ሞከረች፤ ከንፈሯ ደንዝዟል። እጇ ወደ ጣሳው ሄደ፣ ተመለሰ። ዓይኗ ብዥ ሲልባት ሁሉንም ትታ ክዳኑን ፈለቀቀችው። ቁልፎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። ከረሜላውን ይዛለች፣ ወረቀቱን ግን መላጥ አቃታት። እትዬ አፋቸውን ሊከፍቱ ነው።

እናንተ በእሳቸው ቦታ ብትሆኑ፣ አደራ፣ ቁጣውን ለሌላ ቀን አቆዩት። ወረቀቱን ላጡላት፤ ጣቶቿ እምቢ ብለዋታል።