«ዕዳ የለባትም»

ትናንት ጠዋት ሸምሱ ሱቁን ዘግቶ በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። ሸምሱ እዚህ አቃቂ በሰቃ የሰፈራችን ባለሱቅ ነው። በሥራ ቀን ሱቁን ሲዘጋ አይቼው ስለማላውቅ ሰው የሞተበት መስሎኝ ክው አልኩ።

«ቲቸር፣ ላስቸግርሽ ነው... ዋስ ሁኚልኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አከፋፋዮቹ ያለ ካሽ ዕቃ አንሰጥም ብለውታል፣ መደርደሪያው በየቀኑ እየተራቆተ ነው። ብድር ተቋሙ ደግሞ ወይ የቤት ካርታ ወይ ደሞዝተኛ ዋስ አምጣ አለው። ካርታ ከየት ይመጣል? ሱቁ የኪራይ ነው። ይሄ ካልተሳካ የቀረው አራጣ አበዳሪው ነው፣ እሱ ጋ የገባ ደግሞ ሱቁን አስረክቦ ነው የሚወጣው።

እኔ ዋስ! ሳቄ መጣ። ወሩ ሳይጋመስ ደሞዜ አልቆ ከሱ ዘይትና ፓስታ በዱቤ የምወስድ አስተማሪ እኮ ነኝ። ከፋሲካ ጀምሮ የተጠራቀመ ዱቤ አለብኝ። ግን እንዴት እምቢ ይባላል? ሄድን።

ቃሊቲ ያለው ቢሮ ተራ ጠብቀን ገባን። የብድር ባለሙያው ትሁት ልጅ ነው። የደሞዝ ማስረጃዬን አየና ቀና አለ።

«እርስዎ ዕዳ አለብዎት?»

ወይ ጣጣዬ! አበዳሪዬ አጠገቤ ተቀምጧል እኮ። አለብኝ ካልኩ የሸምሱ ነገር አበቃለት። የለብኝም ብል ደግሞ በምን ዓይኔ አየዋለሁ...

«ዕዳ የለባትም» አለ ሸምሱ ቀድሞኝ። «ወላሂ ምንም የለባትም!»

ልጁ አመነው። ደሞዜን ግን አላመነውም። «ትንሽ ነው፣ አንድ ደሞዝተኛ ጨምሩ» አለን።

ታክሲ ውስጥ የሰፈሩን ደሞዝተኛ አንድ በአንድ አነሳን። ነርሷ ለወንድሟ ፈርማለች። የወረዳው ሾፌር ለሚስቱ ፈርሟል። ሁሉም ደግሞ እንደኔው የሸምሱ ዱቤ አለባቸው። ሰፈሩን በሙሉ የሚያበድር ሰው ለራሱ አበዳሪ ይጣ? በጣም ነው የተናደድኩት።

አመሻሽ ላይ ዳቦና ሻይ ቅጠል ልወስድ ሄድኩ።

«ሸምሱ፣ ከበፊቱ ጋር ደምርልኝ።»

«ከየትኛው በፊት?»

«ከዱቤዬ ነዋ!»

«ቲቸር፣ ምንም የለባትም ብዬ ማልኩ እኮ። ከፈጣሪ ጋር ልታጣይኝ ነው? ከዛሬው እንጀምራለን።»

የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። እንደ አሁን ብር ቸግሮት አያውቅም እኮ! ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ ወይ ፍንክች። «ታዲያ ነገ ምን ልታደርግ ነው?» ስለው ሻይ ቅጠሉን በፌስታል አድርጎ ሰጠኝ።

ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሱቁ ዝግ ነው። ስልኩም አይነሳም። እዚያ አራጣ አበዳሪው ጋ ባልሄደ ብቻ...

ዋስ ልሆንለት ሄጄ፣ እሱ ዋስ ሆኖኝ ተመለስኩ።