የጭሱ ቤት

ባለፈው እሑድ ሰበታ፣ ልጄ ቤት፣ አራት ነበርን። ልጄ በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን ያያል፤ ሚስቱ ሳህን ይዛ የጓዳው ደፍ ላይ ናት፤ የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሶልያና ወንበር ላይ ወጥታ በመስኮቱ የፋብሪካውን ጭስ ታያለች፤ እኔ እንዳትወድቅ ከኋላዋ ቆሜያለሁ።

«አያቴ፣ ጭሱ ለምን ወደዚያ…» ብላ ጀመረችና እናቷን አየት አድርጋ አፏን በእጇ ያዘች።

«እማዬ፣ አይቀየሙን» አለች ምራቴ። «ትምህርት ቤት እንዳትቸገር ቤትም ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ አውሯት ተብለን ነው።»

ያን አፍ መያዝ አውቀዋለሁ።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ የምኖረው ዓለም ገና፣ አክስቴ ቤት ነበር። የባሏ አባት ኦቦ ቶላ ከልጅ ልጃቸው፣ ከአክስቴ ልጅ ከጫልቱ ጋር ደጃፍ ተቀምጠው የበቆሎ እሸት እየጠበሱ ይውላሉ። እሷ በኦሮምኛ ትጠይቃለች፤ እሳቸው ቶሎ አይመልሱም። «ማል ሲቲ ፈካታ?» ይሏታል፤ ምን ይመስልሻል ማለታቸው ነው። የመሰላትን ትናገራለች። ካልጣማቸው በዚያው በኦሮምኛ «እስቲ ጨምሪበት» ይሏታል። በቆሎው ያርር ነበር።

ትምህርት ቤት መግቢያዋ ሲቃረብ የአክስቴ ባል፣ ሌሎች ልጆች እንዳይስቁባት ብሎ፣ ቤት ውስጥ ከአማርኛ በቀር እንዳይነገር አዘዘ። ክፋት አልነበረውም፤ እሱም በልጅነቱ ተስቆበታል። ሽማግሌው እሺ ብለው በቆሏቸውን ብቻቸውን ይጠብሱ ጀመር። ልጅቷ መጀመሪያ እኛን ጠየቀች፤ እኛ ሥራ ላይ ነበርን። ከዚያ መጠየቋን ተወች። ውሃ ስትፈልግ እንኳ በጣቷ ታሳይ ጀመር።

አንድ ቀን በረዶ ጥሎ ሲያባራ ግቢው ነጭ ሆነ፤ የተቀጠፈ የባሕር ዛፍ ቅጠል ሽታ ቤቱን ሞላው። ጫልቱ ወደ አያቷ ዞረች፤ ከዚያ አባቷን አየችና አፏን ያዘች።

ኦቦ ቶላ እጇን ከአፏ ላይ ቀስ ብለው አነሡ። «ማል ሲቲ ፈካታ?»

«አባ፣ ተስማምተን አልነበረም?» አለ ልጃቸው።

«እኔ በአማርኛ የማውቀው ‹ና፣ ውሰድ፣ ስንት ነው› ነው» አሉ በኦሮምኛ። «ገበያ ይዣት ልሂድ?»

አክስቴ ሳቀች። ባሏ አልሳቀም፤ ግን ከዚያ በኋላ አልከለከለም። ጫልቱ ያን ቀን አልተናገረችም። ቃል የተመለሰላት ለመስቀል አካባቢ ነው፤ እስከዚያ ሽማግሌው በየቀኑ ይጠይቋት ነበር።

የእኔ እንግሊዝኛም ገበያ ድረስ እንኳ አያደርስም። የሶልያናን እጅ ከአፏ ላይ አነሣሁ።

«አንቺ ለምን ይመስልሻል?» አልኳት በአማርኛ።

ልጄ ከስልኩ ቀና አለ። ምራቴ ሳህኑን እንደያዘች ቀረች። ልጅቷ ጭሱን ብዙ አየችው።

«ቤቱ እዚያ ስለሆነ?»

«የማን ቤት?»

«የጭሱ።»

«እዚያ ምን ይሠራል?»

«ይተኛል። ቀን ሙሉ ሲወጣ ደክሞታል።»

«እስቲ ጨምሪበት፤ እሑድ መጥቼ እሰማለሁ» አልኳት። ከወንበሩ አወረድኳት፤ ነጠላዬን ለበስኩና ወጣሁ።