ሶፋ ሠሪው እና የኩሽናው በር

ሶፋ ሠሪው ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው ሳሎን ሲያሳምር ኖሮ በመጨረሻ ለገዛ ሳሎኑ አንድ ሶፋ ሠራ። ስምንት ወር የእሑድ እረፍቱን በላበት። ጠንካራ እንጨት፣ ቡናማ ቬሉር ጨርቅ፤ ሰባት ሰው ሳይገፋፋ ያስቀምጣል። ይህም አልበቃውም። ወዳጁ ፀጉር አስተካካዩ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ስለሚውል ወገቡን ያመዋል፤ ለእሱ ሲል የቀኙን ጥግ ጠንከር ባለ ስፖንጅ ሞላው። ጎረቤታቸው ጡረተኛዋ አስተማሪ አጭር ናቸው፤ እግራቸው እንዳይንጠለጠል የመሃሉን መቀመጫ ሁለት ጣት ዝቅ አደረገላቸው። የሚስቱ ወንድም አውቶቡስ ነጂው ደግሞ ቅልጥሙ ረጅም ነው፤ የግራው ጥግ ለእሱ ሰፋ ተደረገ። ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገረም። ሲቀመጡ ራሳቸው ያውቁታል ብሎ ጠበቀ።

ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ የሚቀመጥ ጠፋ።

ሦስቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ማታ ለራት ይመጣሉ። ገብተው ሰላም ይላሉ፣ ሶፋውን «አቤት ሲያምር» ይላሉ፣ ከዚያ እግራቸው ቀጥ ብሎ ወደ ኩሽና ይወስዳቸዋል። ኩሽና ማለት ደግሞ አራት እርምጃ በሦስት የሆነች፣ አንድ መስኮትና አንድ የሚያስል ፍሪጅ ያለባት ጎሬ ናት። ፀጉር አስተካካዩ ያንን የታመመ ወገቡን በፍሪጁና በግድግዳው መሃል ይሰነቅረዋል። አስተማሪዋ ከዕቃ ማጠቢያው ጋር ይጣበቃሉ። አውቶቡስ ነጂው የድንች ጆንያ ላይ ጉብ ይላል። ከዚያ ሳቅ ይጀመራል። ባለቤቱ ሳሎን ብቻውን፣ ሰባት ሰው በሚያስቀምጥ ሶፋ ላይ እንደ ተረሳ ጃንጥላ ተቀምጦ «ኧረ ወዲህ ኑ፣ እዚህ ሰፊ ነው» ይላል። «መጣን፣ መጣን» ይሉታል። መጣን መጣን የሚል ሰው እንደማይመጣ የታወቀ ነው።

ከፋው። ግን ባለሙያ ነውና ነገሩን በሙያ ያዘው። መጀመሪያ የሚስባቸው መብራቱ ነው ብሎ የኩሽናውን አምፖል በደካማ ቀየረው። በድንግዝግዝ ሳቃቸው ባሰ። ቀጥሎ ወንበሩ ነው አለና ኩሽና ያሉትን ሁለት ዱካዎች «ላድሳቸው» ብሎ ወሰዳቸው። ያለ ዱካም እየሳቁ አመሹ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ብሎ በልቡ ቂም ያዘና ለአንድ ወር ወዳጁ ዘንድ ሳይስተካከል ቀረ፤ ፀጉሩ ጆሮውን እስኪሸፍን ድረስ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይህንን ነው። መቼም መጠየቅ የሚባል ነገር አለ። እሱ ግን መለካት እንጂ መጠየቅ አልለመደም።

በመጨረሻ በር ሠራ። ኩሽናው እስከዚያ ድረስ መጋረጃ እንጂ በር አልነበረውም። ራሱን በራሱ የሚዘጋ፣ ሞላ ያለው፣ የማያዳግም በር ገጠመለት።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አለችው ሚስቱ።

«ጭስ እንዳይወጣ።»

«ጭስ የለም እኮ።»

«ሊኖር ይችላል።»

በሩን አየት፣ እሱን አየት አደረገችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ቅዳሜ መጡ። ሶፋ ሠሪው በሩ ላይ እንደ ዘበኛ ቆሞ «ዛሬ ማንም ኩሽና አይገባም፤ እንግዳ ናችሁ፣ አረፍ በሉ» አለና እያንዳንዱን በየልኩ ቦታ አስቀመጠ። ተቀመጡ። ተራ እንደሚጠብቅ በሽተኛ በረድፍ ተቀመጡ። ፀጉር አስተካካዩ እጁን የሚያደርግበት ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ አኖረው። አስተማሪዋ ስለ ዝናብ አነሡ፤ ዝናቡ ቶሎ አለቀ።

«ጋሼ፣ ሶፋው ደስ ይላል» አለ አውቶቡስ ነጂው።

«አዎ።»

«በጣም ነው ደስ የሚለው።»

«አዎ።»

ወገቤ ተመቸው ያለ፣ እግሬ መሬት ነካ ያለ የለም። ሁሉም የሚያዳምጡት ከበሩ ወዲያ ያለውን የቢላ ድምፅ ነበር፤ ጧ፣ ጧ፣ ብቻውን። ጥቂት ቆይቶ ድምፁም ቆመ። አንድ ሰዓት ሊሞላ ሆነ። ራት የለም። ሶፋ ሠሪው ይቅርታ ጠይቆ ተነሣ።

ሚስቱ ምድጃውን አጥፍታ የድንቹ ጆንያ ላይ ተቀምጣለች። ግማሹ የተላጠ ድንችና ቢላዋ ጭኗ ላይ ናቸው።

«ምነው? እንግዶቹ እየጠበቁ ነው እኮ።»

«ይጠብቁ። እንግዳ ሌላ ምን ሥራ አለው?»

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም አልሆንኩም። ብቻዬን መሥራት ሰለቸኝ። የዛሬ ስድስት ዓመትም እንዲሁ ሰልችቶኝ፣ ወንድሜ ውኃ ሊጠጣ ሲገባ ድንች አስያዝኩት። አስተማሪዋን ሽንኩርት አስያዝኳቸው። ያንተ ፀጉር አስተካካይ ደግሞ እጁ ስለት ያውቃል፣ ጎመኑን የሚከትፈው እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ሊያግዙ ነው የሚመጡት። ራቱን እግረ መንገዳቸውን ነው የሚበሉት። ድንች የያዘ ሰው እንግዳ አይባልም።»

«እኔስ?»

«አንተማ እንግዳዬ ነህ» አለችው። «ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሳስተናግድህ።»

በቁጣ ብትለው ይሻለው ነበር። እሷ ግን ሰዓት እንደሚነግር ሰው ዝም ብላ ነው ያለችው። ስለ ስፖንጁ፣ ስለ ሁለቱ ጣት፣ ስለ ስምንቱ ወር ሊነግራት ነበር። አፈረ። ሶፋ ሲሠራ የሁሉንም ወገብና ቅልጥም አስቦ ነበር። የእሷን ልክ ለማሰብ ትዝም አላለውም።

«ምን ልላጥ?» አላት።

«ድንች አለ» አለችና ከጆንያው ላይ ተነሣችለት።

አንድ ድንች አነሣ። ቢላ ፈለገ። የኩሽናውን ቁም ሣጥን በተጋቡ ዓመት በገዛ እጁ፣ ያለ አንድ ሚስማር የሠራው እሱ ነው፤ ዘጠኝ መሳቢያ አለው። የመጀመሪያውን ሳበ፤ ማንኪያ። ሁለተኛውን ሳበ፤ ሻማና የራስ ምታት ክኒን። ሦስተኛው ጨርቅ፣ አራተኛው ጨርቅ። ሚስቱ ታየዋለች፤ የት እንዳለ አትነግረውም። አምስተኛው ላይ ሲደርስ ጆሮው ጋለ።

ያ የማያዳግም በር ተከፈተ። ፀጉር አስተካካዩ ወገቡን ይዞ ገባ፣ ሁለቱንም ተራ በተራ አየ። ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ እጁን ዘርግቶ የታችኛውን የግራ መሳቢያ ሳበና አንድ ትንሽ ቢላ አወጣ። ስለቱን ወደ ራሱ፣ እጀታውን ወደ ባለቤቱ አዙሮ አቀበለው።

«ቀስ በል ወዳጄ» አለው፤ «የማያውቀውን እጅ ይቆርጣል።»