ለበሬ የተነገረ

እስር ቤቱ የገብስ ጎተራ ነበር። ወታደሩ በሩን ከፍቶ ሲገፈትረኝ ከሰው በፊት የነቀዝ ሽታ ተቀበለኝ። ጥፋቴ ገመድ ይዘው መሬታችንን ሊለኩ የመጡትን ሰርግ ቤት ውስጥ በግጥም መሸንቆጤ ነው።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንድ የቤተ ልሔም ደብር መሪጌታ፣ እና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ የስማዳ ገበሬ። የገበሬው ልጅ ልኬታውን ሲቃወም ዓይናቸው እያየ በጥይት ወድቋል። ጓደኞቹ ሸሽተዋል፤ የት እንዳሉ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከዚያ ወዲህ አልተናገሩም፤ እህልም አልቀመሱም።

«ሐዘኑ አፍኖ ሊገድላቸው ነው» አሉኝ መሪጌታ በሹክሹክታ። «ኢዮብን ጠቀስሁ፤ ንስሐ ይግቡ አልሁ። ወይ ፍንክች!»

እኔም ሙሾ ሞከርሁ። ሁለተኛውን ስንኝ ሳልጨርስ ጆሯቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

በበሩ ስንጥቅ የዘበኛው ጫማ ይታያል። ቀኑን ሙሉ ከዚያ አልተነቃነቀም።

ከሰዓት በኋላ በረዶ ቆርቆሮውን ይደበድበው ጀመር። ተጠግቼ «አያ፣ አሁን ይተንፍሱ፤ ዘበኛው አይሰማም» አልኋቸው።

ዞር አሉ። «አንተስ? ነገ ሲገርፉህ ምን ልትል ነው?»

ጥያቄያቸውን በጥያቄ መለስሁ። «ቤትዎ ሳሉ ሆድ ሲብስዎት ለማን ነበር የሚያወሩት?»

«ለበሬዎቼ። እያረስሁ። በሬ አያሳብቅም።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ በእጄና በጉልበቴ መሬት ያዝሁ። መሪጌታ ትንሽ አዩኝና ጥምጥማቸውን አውልቀው በቀኜ ተንበረከኩ። «በአንድ በሬ አይታረስም» አሉ።

«ቀኙ አርጅቷል» አሉ ገበሬው። ሻካራ እጃቸው ማጅራቴ ላይ አረፈ። «ና! ሂድ!» ከዚያ ድምፃቸው ተሰበረና ሁሉም ወጣ፤ የልጃቸው የመጨረሻ ቃል፣ የሸሹት የተደበቁበት ዋሻ። በረዶው ሲያባራ ቂጣ ቆረሱ። መጀመሪያ እኛን አጎረሱን፤ ቀጥለው እሳቸው በሉ።

በማግስቱ ዘበኛው አንገቴን ይዞ አወጣኝ። በስንጥቁ አይቶን ኖሯል።

«አጎንብሳችሁ ምን ስትሰሙ ነበር?»

«በሬ ነበርሁ» አልሁት። ጥፊው ጆሮዬን አደነቆረው።

መሪጌታ ተራቸው ሲደርስ ጥምጥማቸውን አስተካክለው ቆሙ። «እኔም ቀኙ ነበርሁ፣ ልጄ» አሉ።

ዋሻው አልተገኘም።

ዛሬም ሐዘን ቤት እጠራለሁ። ምክር የሚያጽናናው አለ፤ ሙሾ የሚያስተነፍሰው አለ፤ ለእነሱ ግጥም አላጣም። ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ሳይ ግን አጠገቡ እቀመጥና አንገቴን ዝቅ አደርጋለሁ።