ጋሼ ደምሴ የተጠየቁበት ቀን

ባለፈው ሳምንት ልጄ ናታን ኩሽና ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ከስልኩ ላይ ሲያነብ አረፈደ። ኮሌጅ ሊጨርስ ጥቂት ወራት ቀርተውታል። ከኮሎምበስ በስተሰሜን ምዕራብ ያለው የጃፓኖቹ መኪና ፋብሪካ ለኢንተርቪው ጠርቶታል። የድርጅቱን ታሪክ ሳያውቁ መሄድ ነውር ነው ብለውታል መሰለኝ፣ እንደ ፈተና ተማሪ እየተንጎራደደ ያጠናል።

«ማሚ፣ መጀመሪያ መኪና አልነበረም የሚሠሩት፣ ዲድ ዩ ኖው ዛት?»

«የመርከብ ሞተር ነበር» አልኩት ሽንኩርቴን እያቁላላሁ።

ስልኩን ዝቅ አድርጎ አየኝ። «እሺ፣ ከጦርነቱ በኋላስ?»

«ድስት።»

«ኖ ዌይ! ማን ነገረሽ?»

ማን እንደነገረኝ ስተርክለት ሽንኩርቱ አረረ። ለእሱ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በእንግሊዝኛ የነገርኩትን እዚህ ሙሉውን ልጻፈው።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በዲቪ ከመጣሁ ሁለተኛው ዊንተሬ ነው። ግሮቭፖርት ካሉት የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውሶች ባንዱ ውስጥ፣ ለፋብሪካዎች ዕቃ የሚያደርስ ትንሽ ድርጅት ቀጥሮኝ ቫን እነዳ ነበር። ጋሼ ደምሴም እዚያው ነበሩ፤ ዕቃ በሹካው የሚያነሳው ፎርክሊፍት ላይ። አምሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል። አገር ቤት ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና ነድተዋል፣ አብዛኛውን የአሰብን መንገድ። እዚህ ግን አንድ ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው መንጃ ፈቃድ አልሰጧቸውም። እንግሊዝኛቸውም «ኦኬ» እና «ኖ ፕሮብሌም» ላይ ቆሟል። የሥራ ጓደኞቻችን ጥሩ ሰዎች ነበሩ፤ ጋሼ ደምሴን ግን ማንም ምንም ጠይቋቸው አያውቅም። «ዚስ ዌይ፣ ዛት ዌይ» ይሏቸዋል፣ እሳቸውም ያነሳሉ፣ ያስቀምጣሉ። አንድ ቀን ምሳ ላይ «ሰብለ፣ ሠላሳ ዓመቴን ኬላ ላይ ጥዬው የመጣሁ ይመስለኛል» ብለውኝ ያውቃሉ። እንደ ቀልድ ነበር ያሉት። እኔ ግን መሳቅ አቃተኝ።

ግቢያችን ውስጥ አንዲት ማንም የማይነካት መኪና ነበረች። አፍንጫ የሌላት፣ ጋቢናዋ ሞተሯ ላይ የተቀመጠ የጃፓን የጭነት መኪና። ማርሿ በእጅ ስለሆነ አሜሪካኖቹ ይሸሿታል። ጋሼ ደምሴ ግን ጠዋት ጠዋት ሲያልፉ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጓት ነበር፣ እንደ በቅሎ። እሷን የሠራት ዛሬ ናታንን የጠራው ድርጅት ነው፤ ሠላሳ ዓመት የነዱትም የእሱኑ መኪና ነው።

ቀኑ የካቲት ውስጥ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ የጣለው ዝናብ ቀዝቅዞ መንገዱን መስተዋት አድርጎታል፤ በላዩ ላይ ደግሞ ጠዋት ስስ ስኖው ጣለበት። እኔ የጋዝ ስቴሽን ዶናቴን እየበላሁ ሳለ መኪና የምታሰማራው የዲስፓቹ ኃላፊ ዴቢ ከቢሮዋ እየሮጠች ወጣች። የበር የውስጥ ሽፋን ጭኖ ወደ ጃፓኖቹ ፋብሪካ የሄደው ሾፌራችን ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገብቷል። እሱ ደህና ነው፤ ጭነቱ ግን አይወጣም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ላስረዳ። እነዚያ ሰዎች ዕቃ አያከማቹም። እኛ ቤት በርበሬና ሽሮ ለዓመት አስፈጭተን እንደምናስቀምጠው አይደለም፤ የጠዋቱን ጠዋት፣ የከሰዓቱን ከሰዓት ነው የሚቀበሉት። ሽፋኑ ካልደረሰ መኪናዎቹ የሚገጣጠሙበት መስመር ይቆማል። መስመሩ ከቆመ ደግሞ ያን ሁሉ ሺህ ሰው እጁን አጣጥፎ ያስቀመጠው ማን ነው ሲባል፣ መልሱ እኛ ነን። ዴቢ ፊቷ ቀልቷል። «ሁለት ሰዓት ከሩብ ነው ያለን። ሌላ ጭነት አለ። ለእሱ የምትበቃ መኪና ግን የቀረችው ያቺ ብቻ ናት። ስቲክ፣ የእጅ ማርሽ የሚነዳ ማነው?»

እጄን ሳነሳ እጄ የእኔ አልመሰለኝም። አባቴ ሳሪስ መካኒክ ነበር፤ ማርሽ መቀየር ያስተማረኝ በጋራዡ ግቢ ውስጥ ነው። በረዶ ላይ የጭነት መኪና ግን ነድቼ አላውቅም!

«አንድ ሰው አብሮኝ ይሂድ» አልኩ። «ጋሼ ደምሴ።»

ዴቢ ግራ ገባት። «እሱ መንጃ ፈቃድ የለውም።»

«አይነዱም። ይቀመጣሉ።»

ጋሼ ደምሴ ምን እንደተባለ ስነግራቸው የፎርክሊፍቱን ሞተር አጠፉና ጃኬታቸውን እየቆለፉ መጡ። ከጋቢናው ከመግባታቸው በፊት መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት፣ ጎማዎቿን በእግራቸው ነኩ፣ ጭነቱ የታሰረበትን ገመድ ጎተቱ። «ወደኋላ ትንሽ ይገፋ፤ ክብደቱ የኋላ ጎማ ላይ ይረፍ» አሉ። አስገፋሁት። ያኔ ነው ትንሽ የተረጋጋሁት።

ከተማውን የሚዞረው አውራ ጎዳና፣ ቱ ሰቨንቲ ላይ እንደወጣን መኪናው ሁሉ ቆሞ ጠበቀን። ወደፊት አደጋ አለ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ እንደ ዔሊ አዘገምን። ዓይኔ ሰዓቱ ላይ ነው።

«ትልቁ መንገድ ከተዘጋ በትንሹ ነው የሚኬደው» አሉ ጋሼ ደምሴ። «ካርታ የለሽም?»

ካርታውን ገልጬ አየሁ። በሚቀጥለው መውጫ ወጣንና የገበሬ መንገድ ውስጥ ገባን። ሜዳው ሁሉ ነጭ ነው። የታጨደው በቆሎ ጉቶ ብቻ በረዶውን በስቶ እንዳልተላጨ ጺም ብቅ ብቅ ብሏል። የምድጃ ጭስ ከሩቅ ይሸታል። እጄ መሪው ላይ ድርቅ ማለቱን ስላዩ ነው መሰለኝ፣ ወሬ ጀመሩልኝ።

«እነዚህ ሰዎች መጀመሪያ መኪና አልሠሩም። አዲስ አበባ ሥልጠና ሊሰጠን የመጣ አንድ ጃፓናዊ ነው ያጫወተን። የመርከብ ሞተር ነበር የሚሠሩት። ከዚያ ጭነት መኪና ጀመሩ። ከዚያ ጦርነት መጣና ፋብሪካው ተቃጠለ። ጣሪያ የለ፣ ብረት የለ፤ ሠራተኛው ግን አለ። ምን አደረጉ መሰለሽ? ከተረፈችው ብረት…»

ቁልቁለት ላይ ነበርን። ከታች ጠባብ ድልድይ አለ። የድልድዩን ግማሽ የያዘች አንዲት ቫን በጎን ተጋድማለች፤ አንድ ሰውዬ ሁለት እጁን እያወናጨፈ ተመለሱ ይለናል። ፍሬን ያዝኩ። መኪናዋ አልሰማችኝም፤ ቂጧን ወደ ግራ ወርውራ ቁልቁል መንሸራተት ጀመረች።

«ፍሬኑን ተይው!» ጮኹ። «ልቀቂ! መሪውን ወደ ሄደችበት! አሁን ሁለተኛ አግቢ! በሞተር ያዣት!»

ፍሪሲዮን ረገጥኩ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፣ ቀስ አድርጌ ለቀቅሁ። ሞተሩ አጓራ። ከመቀመጫዬ ሥር እንደ በሬ ነው ያጓራው። መኪናዋ አንዴ ተናነቀችና ቀጥ አለች። ከፊታችን በቫኗና በድልድዩ ብረት መሐል ያለው ክፍተት እኔ ሳየው ለብስክሌትም የሚበቃ አይመስልም።

«ያልፋል» አሉ ጋሼ ደምሴ፣ ድምፃቸው ዝግ ብሎ። «ስፋቷን አውቀዋለሁ። ዓይንሽን ቫኗ ላይ አታድርጊ፣ ማዶውን እዪ።»

ማዶውን አየሁ። የጎን መስተዋታችን የሰውዬውን ቫን ሳይነካ በስንዝር አለፈ። ዳገቱን በዚያው ጉልበት ወጣነው። አናቱ ላይ ስንደርስ እየሳቅሁ ይሁን እያለቀስኩ አላውቅም።

ጋሼ ደምሴ ከፔርሙዛቸው ቅርንፉድ የሸተተ ሻይ ቀዱልኝ። «…ድስት ሠሩ» አሉ፣ ወሬያቸውን ካቆሙበት አንስተው። «ሕዝቡ የሚቀቅልበት አልነበረውማ!»

ፋብሪካው በር ላይ ስንደርስ ዘጠኝ ደቂቃ ቀርቶን ነበር። ዘጠኝ! በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ፤ ፎርክሊፍቶቹ እንደ ንብ ወረዱብን። የመጨረሻው የሽፋን መደርደሪያ ሲወርድ አንድ ሰው በሩጫ ወደ ውስጥ አስገባው፣ ከዚያ ከውስጥ ጭብጨባ ሰማን። መስመሩ አልቆመም።

እኔ በደስታ እየዘለልኩ ሳለ አንድ ሽበታም ጃፓናዊ ወደ እኛ መጣ። ሚስተር ታናካ ይባላል፤ የዕቃ ጥራት የሚቆጣጠር ኢንጂነር ነው። ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን። ከዚያ ወደ መኪናችን ዘወር ብሎ «በዚያ በረዶ በዚህች መጣችሁ?» አለኝ።

«እሳቸው ናቸው ያመጡኝ» አልኩት። «ይህንኑ መኪና አፍሪካ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ነድተዋል።»

ሰውዬው ፊቱ ተለወጠ። ጋሼ ደምሴን ትክ ብሎ አያቸው። ከኪሱ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጣና «እባክሽ ጠይቂልኝ» አለ፤ «ምን ምኑ ይሰበር ነበር?»

ተረጎምኩላቸው። ጋሼ ደምሴ አልገባቸውም። «ምን አለ?»

«ምን ምኑ ይሰበር ነበር ነው የሚለው። ማወቅ ይፈልጋል።»

ኮፍያቸውን አወለቁ። «ባሌስትራው» አሉ፣ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከሙትን ድርብርብ ብረቶች በእጃቸው እየደራረቡ። «ሁለተኛው ንጣፍ። ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው፤ አንደኛው አይደለም። ሰው ከልክ በላይ ስለሚጭን ነው ይላሉ፤ ውሸት ነው። ባዶም ስትሄድ ይሰበራል። ጭነት ሲኖራት ትረጋለች፣ ባዶ ስትሆን ትዘላለች…»

አንዴ ከጀመሩ ማን ያቁማቸው! የአፋር ሙቀት የውኃ ቱቦውን እንዴት እንደሚያፈርጠው፣ አቧራው የአየር ማጣሪያውን በስንት ቀን እንደሚዘጋው፣ ዲናሞውን ሾፌሮች በምን ጨርቅ እንደሚሸፍኑት። በእጃቸው እየሣሉ፣ ተንበርክከው ከመኪናዋ ሥር እያሳዩ። እኔ መተርጎም አልደርስ አልኩ። ግማሹን ቃል በእንግሊዝኛ አላውቀውም፤ «ዚስ ቲንግ፣ ብሬክ ሂር» እያልኩ በጣቴ አመለክታለሁ። ሚስተር ታናካ ኮንክሪቱ ላይ ተንበርክኮ ይጽፋል። ሁለት ወጣት ኢንጂነሮች ጠራ፤ እነሱም ተቀምጠው ጻፉ።

በኋላ ሻይ አጠጣን፤ አረንጓዴ፣ ስኳር ያልገባበት። ጋሼ ደምሴ «ስኳሩን ረስተውት ነው፣ አትናገሪ» ብለው ጠጡት። ሚስተር ታናካ እሱም በተራው አወራን። አባቱ የዚያው ፋብሪካ ብረት አቅላጭ ነበሩ፤ የድስቱ ወሬ እውነት ነው፣ እናቱ አንዱን እስኪሞቱ አልጣሉትም። መጀመሪያ ወደ ውጭ የላኳቸው መኪናዎች በስሞታ ደብዳቤ ነው የተመለሱላቸው። አለቃቸው ደብዳቤውን ግድግዳ ላይ ቸነከረው። ሠራተኛው በየጠዋቱ ሲገባ ያነበው ነበር። ኦሃዮ ሲመጡም ሰው ስቆባቸዋል፤ ከበቆሎ ማሳ መሐል መኪና ሊያበቅሉ ነው ተብሏል።

«ከአንተ አገር ግን ደብዳቤ ደርሶን አያውቅም» አላቸው።

ጋሼ ደምሴ ይህን ስተረጉምላቸው ቀና አሉ። «አድራሻውን መች ነገሩን!»

ከመሄዳችን በፊት አንድ ትልቅ መስኮት ጋ ወሰደን። ከታች መስመሩ ይሄዳል። በር የሌላቸው፣ ጎማ የሌላቸው መኪናዎች በዝግታ እየተሰለፉ ያልፋሉ፤ እኛ ያመጣነው ሽፋን ይገጠምላቸዋል፤ ሰዎቹ ሳይቸኩሉ ሳያርፉ ይሠራሉ። ጋሼ ደምሴ ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ አስደገፉ። «እንዲህ ነው እንዴ የሚወለዱት?» አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሚስተር ታናካና ሁለቱ ወጣት ኢንጂነሮች ፎረስት ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ ጋሼ ደምሴ ቤት ምሳ በሉ። ሽሮውን ጠራርገው በሉ፣ ቃሪያው ላይ አለቀሱ። ጋሼ ደምሴ ባሌስትራውን ከካሌንደር ጀርባ ላይ ሣሉላቸው፤ ካሌንደሩን ጠቅልለው ይዘውት ሄዱ። ከዚያ ያ ሁለተኛ ንጣፍ ይቀየር አይቀየር እኔ አላውቅም። የማውቀው፣ ጋሼ ደምሴ በዚያው ሰሞን «ዓይኔን ላሠራ ነው» ብለው ቀጠሮ እንዳስያዙ ነው። ሞራው ተነሳ። የጽሑፍ ፈተናውን ሁለቴ ወድቀው በሦስተኛው አለፉ። በበጋው ያቺን አፍንጫ አልባ መኪና ይዘው ከግሮቭፖርት ሲወጡ ዴቢ ራሷ በሩን ከፈተችላቸው። ጡረታ እስኪወጡ ነዱ። እኔም ሁለት ዓመት ያንን መንገድ ከተመላለስኩ በኋላ የዴቢን ወንበር ወረስኩ።

ለብዙ ዓመት ያን ቀን የማስታውሰው በድልድዩ ነበር። ሰው ሲሰበሰብ የማወራው እሱን ነው፤ ጀግናዋ እኔ ነኝ። እያደር ግን ሌላው ይበልጥብኝ ጀመር። ቫን ሳልገጭ ማለፌ አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ኮንክሪት ላይ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ባልተረጉም ኖሮ ግን ሠላሳ ዓመቱ እዚያው ኬላ ላይ በቀረ ነበር። ወጣት ሆኜ መተርጎም ሥራ አይመስለኝም ነበር።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ናታን ጠፋብኝ። ፒከሪንግተን ከልጃቸው ጋ የሚኖሩት ጋሼ ደምሴ አሁን ሰማንያ አልፏቸዋል፤ ጆሯቸው ደክሟል። ፓርኪንጉ ዳር የልጃቸውን መኪና ቦኔት አስከፍተው፣ በምርኩዛቸው እየጠቆሙ ያስረዳሉ። ናታን አጠገባቸው ጎንበስ ብሏል። እሳቸው በአማርኛ ይናገራሉ፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፤ ሁለቱም እየጮሁ ነው፣ ሁለቱም እየሳቁ። ልጠጋና ልተርጉም ብዬ ሁለት እርምጃ ሄድኩ።

ከዚያ ቆምኩ። ናታን ስልኩን አውጥቶ የሚሉትን መጻፍ ጀምሮ ነበር።